ዕጣን የጠጣ ሸክላ

ስለ ሙዚቃ ሸክላ አስተጣጠብ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ አቧራና ስለ ጣት አሻራ ነው። ጎንደር ውስጥ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀሩት ሸክላዎች ግን ከዚያ የከበደ ነገር ተሸክመዋል። የእኛዎቹን ልንገራችሁ። አባቴ ፒያሳ አካባቢ ቡና ቤት ነበረው፤ ሸክላዎቹም ከባንኮኒው ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው የኖሩት። ጠዋት ቤቱ ሲከፈት ዕጣን ይጨሳል፤ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ይደገማል። ማታ ሲጋራው አለ፣ ቢራው አለ። ጥብስ ሲበላ የቆየ እጅ ሳይታጠብ ሸክላ ይገለብጣል። ካሴት ገብቶ ሸክላ ሲረሳ ሁሉም በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ወደ ቤት መጣ፤ ከዚያ ወዲህ የክረምቱ ርጥበትና የበጋው አቧራ ሲፈራረቁበት ኖሩ።

እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ሸክላ ይዤ ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቆሻሻው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። ስኳር በውሃ ይሟሟል። ቅባት ሳሙና ይፈልጋል። ሙጫ ደግሞ አልኮል ካላገኘ አይነቃነቅም። ሦስቱም አንድ ሸክላ ላይ ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ፤ የቡና ቤት ሸክላ ከሆነማ ይገኛሉ ማለት ነው። የፈሰሰው ቢራና ለስላሳ ስኳሩን ትቷል፣ የበላ እጅ ቅባቱን፣ ዕጣኑና ሲጋራው ደግሞ ሙጫና ሬንጁን።

ዕጣኑን በደንብ ማሰብ ያስፈልጋል። ዕጣን የዛፍ ሙጫ ነው፤ ዛፉም ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ መተማና ቋራ በኩል ባለው ቆላ ይበቅላል። ፍም ላይ ሲወድቅ ሁሉም ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከፊሉ በጣም ደቃቅ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይነሳና ያገኘው ነገር ላይ ያርፋል። ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ መጋረጃ ላይ ያርፋል፣ ከካርቶን ጃኬቱ ወጥቶ የሚቀመጥ ሸክላ ላይም ያርፋል። ሲቀዘቅዝ ስስ፣ የሚያጣብቅ ሽፋን ይሆናል። አቧራ በራሱ በብሩሽ የሚነሳ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ሽፋን ላይ ካረፈ ግን ይጣበቃል። የሸክላው ቦይ፣ ማለትም መርፌው የሚሄድበት መስመር፣ የአንድ ሚሊ ሜትር 20ኛ ያህል ብቻ ስፋት ያለው ስለሆነ፣ እዚያ ውስጥ የተጣበቀችውን ቅንጣት መርፌው በነካት ቁጥር በድምፅ ማጉያው እንሰማታለን። «ሸክላው ያረጀ ነው፣ ያንጫጫል» ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ብዙው ያላረጀ፣ የተለበደ ነው።

ወደ ውሃው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ። አሮጌዎቹ በደቂቃ 78 ዙር የሚዞሩት ሸክላዎች ቪኒል ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ አይደሉም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ካስቀረጹበት ዘመን ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል፣ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ ነበር፤ ውስጡ የድንጋይ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ሙጫ ነው ካልን ዘንድ፣ ዕጣኑን የሚፈታው አልኮል ሸክላውንም ይፈታዋል። አንድ ጠብታ አልኮል የረገጠው ቦታ ዳግመኛ አይመለስም። መለየቱ ከባድ አይደለም፦ የሼላኩ ይከብዳል፣ ድርቅ ያለ ነው፣ በትንሹ ሲታጠፍ እሺ አይልም፣ ከወደቀም ይሰበራል፤ የቪኒሉ ቀለል ያለና ትንሽ የሚተጣጠፍ ነው። ለሼላኩ ለብ ያለ ዲስትልድ (በትነት የተጣራ) ውሃና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል፤ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ አለበት፣ ምክንያቱም የድንጋዩ ዱቄት ውሃ ይመጥጣል። ከአሜሪካ ከመጡት 45ዎች (በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩት ትንንሾቹ ሸክላዎች) ውስጥም ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ አሉ፤ ለእነሱም አልኮሉን እተወዋለሁ።

ሌላው መለየት ያለበት ጭረት ከቆሻሻ ነው። አቧራውን በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ ካነሳሁ በኋላ ሸክላውን ጥቂት ሴኮንድ ብቻ አስነግረዋለሁ፣ ማለትም አጫውተዋለሁ። ጠቅታው ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ከሆነ ጭረት ነው። 45ቱ አንድ ዙር ለመዞር 1.33 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በደቂቃ ከ33 ዙር በትንሹ የሚበልጠው ትልቁ ሸክላ 1.8 ሴኮንድ። ጠቅታው በዚህ ልክ እየተመላለሰ ከመጣ መርፌው በእያንዳንዱ ዙር ያችኑ ጭረት እየተሻገራት ነው፣ ያንን ደግሞ ማንኛውም ማጠቢያ አያድነውም። ሥርዓት የሌለው መንጫጫት ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ፣ ቆሻሻ ነው። ሦስተኛም አለ፦ ድምፁ ከፍ ሲል፣ በተለይ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ሲገቡ፣ የሚሻክርና የሚሰነጠቅ ከሆነ ቦዩ ራሱ ተበልቷል። ቡና ቤት ውስጥ በማጫወቻው ከባድ ክንድና ባለቀ መርፌ ለዓመታት የተነገረ ሸክላ ይህ ይገጥመዋል። ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ስታዩት ጥቁረቱ ጠፍቶ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ይህንንም ማጠብ አይከፋም፣ ብዙ መጠበቅ ግን አይገባም።

አሁን ስለ ውሃው። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የከተማው ሰው ያውቃል፤ በመጣበት ቀን በርሜል ሞልተን ነው የምንቆየው። ያ ውሃ ለልብስ ይሆናል፣ ለሸክላ አይሆንም። የእኛ ቤት የውሃ ማፍያ ግርጌ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይገባችኋል። ውሃው ሲተን የያዘውን ማዕድን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ቦዩ ውስጥ የቀረ ማዕድን ደግሞ ሌላ ጩኸት ነው። የታሸገ ውሃም ማዕድን አለበት። የሚያስፈልገው ዲስትልድ ውሃ ነው። ፋርማሲ ካጣችሁ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ቤት ለባትሪ የሚጨመር ዲስትልድ ውሃ አለ። ስትገዙ «ውሃውን» ብላችሁ አስረግጣችሁ ጠይቁ፣ ጽሑፉንም አንብቡ፤ እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ተመሳሳይ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፣ እሱ እጅም ሸክላም ይበላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ዝናብ አለልን። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን አልጠቀምም፤ ዝናቡ አየሩን እስኪያጥበው ቆይቼ ንጹሕ ሳፋ ግቢው መካከል አስቀምጥና የተጠራቀመውን በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጠለዋለሁ።

ቅልቅሉ ይህ ነው። 700 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ፣ 300 ሚሊ ሊትር ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 ፐርሰንት አልኮል፣ ቀለምና ሽታው የቀለለ ላርጎ ሦስት ጠብታ። ሒሳቡን ብትሠሩት አልኮሉ ከጠቅላላው 21 ፐርሰንት ገደማ ይሆናል፤ ሙጫውን ለማላቀቅ ይበቃል፣ ቪኒሉን አይጎዳም። ላርጎውን አታብዙ። ሳሙናው የሚያስፈልገው ውሃው በቪኒሉ ላይ እየተንከባለለ ከመሄድ ይልቅ ተዘርግቶ ቦዩ ውስጥ እንዲገባ ነው፤ አረፋ ከበዛ እሱን ራሱን አጥቦ ማውጣት ሌላ ሥራ ይሆናል። አልኮሉ ቀለም ያልተጨመረበት ይሁን። ስትሠሩም መስኮት ክፈቱ፣ አጠገባችሁ የከሰል ምድጃ አይኑር።

ሥራውን የምሠራው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው። የታጠፈ ፎጣ አነጥፍና ሸክላውን አጋድመዋለሁ። መካከሉ ላይ ያለው የወረቀት መለያ ከራሰ ቀለሙ ይለቃል፣ ወረቀቱም ይነሳል፤ ስለዚህ ከመለያው በትንሹ የሚሰፋ የፕላስቲክ ክዳን እደፋበትና በግራ እጄ እጫነዋለሁ። የልብስ መተኮሻ ውሃ በሚረጨው ጠርሙስ ቅልቅሉን እረጫለሁ። አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብዬ እተወዋለሁ፤ ሙጫ አይቸኩልም። ከዚያ በሕፃን ጥርስ ብሩሽ፣ ሳልጫን፣ ቦዩን ተከትዬ ዙሪያውን እሄዳለሁ። ከመሃል ወደ ዳር አቋርጦ መፈግፈግ የለም። ብሩሹ ቦዩን ሲከተል ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲያቋርጥ ግን ከላይ ከላይ እየዘለለ ያልፋል።

እናቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን ደንግጣ «አንቺ ልጅ፣ የአባትሽን ሸክላ ውሃ ልታስነኪው ነው? እሱ በሸሚዙ እጅጌ ጠረግ አድርጎ ነበር የሚያስነግረው» አለች። «እማዬ፣ ዕጣኑን ወደ ውስጥ የገፋው እኮ ያ እጅጌ ነው» አልኳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የያዝኩት የብዙነሽ በቀለ 45 ነበር። ብሩሹን ጨርሼ በነጭ ጨርቅ ስመጠው ጨርቁ የቀይ ሻይ ቀለም ይዞ ተነሳ። እናቴ ጨርቁን ከእጄ ወስዳ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና «ቡና ቤቱ ነው» አለች። እውነትም ዕጣኑ ይሸታል፤ ከሥሩም የቆየ ሲጋራ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያቆመው። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው እዚህ ጋ ነው። አሁን ቆሻሻው ሟሟ እንጂ አልወጣም። ቅልቅሉ ሸክላው ላይ እንዳለ ከደረቀ፣ የሟሟው ሙጫና ስኳር ተመልሶ ቦዩ ግርጌ ላይ ይረጋል፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ወደ ታች ወርዶ። «አጥቤው ባሰበት» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ስጠይቃቸው በጨርቅ አብሰው አናፍሰውታል። ስለዚህ የራሰው ሸክላ ሳይደርቅ ቆሻሻው ውሃ በጨርቅ ይመጠጣል፣ ከዚያ ምንም ያልተጨመረበት ዲስትልድ ውሃ ይረጫል፣ እንደገና ይመጠጣል። ጨርቁ ቀለም እስከያዘ ድረስ ይደገማል። የመጨረሻው ውሃ ንጹሕ ሆኖ መነሳት አለበት። የማለቅለቂያ ብሩሽና ጨርቅም ከማጠቢያው የተለዩ ይሁኑ፤ በቆሸሸ ጨርቅ ማለቅለቅ የወጣውን መመለስ ነው።

ጨርቁ ለመኪና መወልወያ የሚሸጠው ማይክሮፋይበር ቢሆን ይመረጣል። ያረጀ ነጠላ ልስላሴው እጅ ያታልላል፣ ግን ክሩ እየረገፈ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻ ሸክላዎቹን የሳህን ማንጠፍጠፊያ ላይ በጠርዛቸው አቁሜ በጥላ አደርቃለሁ። ፀሐይ ላይ ፈጽሞ አይወጣም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐይዋ አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ቀን እንኳ ጥቁር ነገር ላይ ትበረታለች። ቪኒል ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፤ አንዴ የተጣመመ ሸክላ መርፌውን ያዘልላል።

ያን የብዙነሽን 45 በማግሥቱ አስነገርነው። ቀድሞ የመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች በመንጫጫት ተውጠው ነበር። አሁን ባስ ጊታሩ ለብቻው ይሰማል፤ ዘፈኑን ልትጀምር ስትል የሳበችው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። አንድ ሁለት ጠቅታ ቀርቷል፣ ከነሱም አንዱ በየ1.33 ሴኮንዱ የሚመጣ ጭረት ነው። እሱን ትቼዋለሁ።

ሰው በየቤቱ የሚሞክራቸውን ነገሮችም ልጥቀስ፤ ፋርማሲ ስለምሠራ ብዙ ይጠይቁኛል። አንድ ትልቅ ሰው መጥተው «ልጄ፣ የኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር አለኝ፤ ለሸክላ ይሆን?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እሱን ለእጅዎ ያስቀምጡት» አልኳቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 1.45 ፐርሰንት ግሊሰሪን አለበት፤ እጅ እንዳይደርቅ ነው የተጨመረው። ግሊሰሪን አይተንም፣ ሸክላው ላይ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል። በዚያ ላይ የአልኮሉ መጠን 80 ፐርሰንት ነው፣ ለሸክላ የበዛ። አረቄስ የሚሉ አሉ። አረቄ አልኮል እንዳለው እርግጥ ነው፤ ግን ሌላም ብዙ ነገር ይዞ ነው የሚወርደው፣ ሲደርቅም የራሱን ቅሪት ይተዋል። ኡዞ ደግሞ የአኒስ ዘይት አለበት፣ ጭራሽ አይሆንም። ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነክረው የሚጠርጉ የድሮ ሰዎች ነበሩ፤ ለጊዜው ጩኸቱ የቀነሰ የሚመስለው ቅባቱ መርፌውን ስለሚያንሸራትተው ነው፤ ከሳምንት በኋላ ያ ቅባት አቧራውን ሁሉ ይጠራል። ቫዝሊን የተቀባም አይቻለሁ፣ ያንን ለማውጣት ቅልቅሉን ደጋግሞ መጠቀም ያስፈልጋል። ኦሞ ሳይሟሟ የቀረ ፍርፍሪ አለው፣ ይጭራል። በረኪና ደግሞ ሸክላው አጠገብ እንኳ አይቅረብ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የኮላው ዘዴ ነው። አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ ማለቴ ነው። ብሩሽና ቅልቅል ያልበገራቸውን ሸክላዎች ለእሱ አስቀምጣለሁ። ሸክላው መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ መለያውን ሳይነካ ኮላውን ከውጨኛው ጠርዝ ጀምሮ መጨረሻው ቦይ እስከሚያልቅበት ድረስ ወፈር አድርጎ መቀባት ነው፤ አሮጌ የመታወቂያ ካርድ ለማስተካከል ይመቻል። መሳሳት የለበትም፤ የሳሳው ቦታ ሲላጥ ይቀደዳል። ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ ከሸክላው ትንሽ ወጣ ያለ ምላስ ይተዋል፣ በኋላ የሚያዘው እሱ ነው። ሜዳ ላይ አስተካክሎ ማስቀመጥና መጠበቅ። በበጋው ደረቅ አየር ማታ የተቀባው በማግሥቱ ከሰዓት ይደርሳል፤ ክረምት ላይ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ነጭ የነበረው ሁሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ካልሆነ አልደረቀም፣ ማንም አይንካው።

ሲላጥ ማየት አለባችሁ። ምላሱን በሁለት ጣት ይዤ ቀስ እያልኩ፣ ወደ ላይ ሳልጎትት ወደ ኋላ እያጠፍኩ ስሄድ፣ ስስ ቆዳ ሆኖ ሙሉውን ይነሳል። መስኮት ላይ ከፍ አድርጌ ሳየው የሸክላው ቦዮች በሙሉ ተገልብጠው ታትመውበታል፣ በመሃላቸውም ከዓመታት በፊት የገባ አቧራ፣ የክር ብጣሽ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ተይዞ ይታያል። ከሥሩ የቀረው ሸክላ መልኩ ያበራል። ቁርጥራጭ ኮላ ከቀረበት በጥፍር መፋቅ አይገባም፤ እዚያው ላይ አዲስ ኮላ ወፈር አድርጎ ቀብቶ ሲደርቅ አብሮ ይነሳል። መላጡ ሸክላውን በኤሌክትሪክ ስለሚሞላው በአካባቢው ያለ አቧራ ሁሉ ይሳባል፤ ስለዚህ ወዲያው ዲስትልድ ውሃ እረጭበትና እመጥጠዋለሁ። ለ78ቱ ሼላክ ይህ ዘዴ ክልክል ነው፤ ኮላው የሸክላውን ገጽ ይዞ ሊነሳ ይችላል።

ለምን ይህን ያህል ትደክሚያለሽ የሚሉኝ አሉ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ፈቃዱ በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ እሱ ደፍሮ ገባበት። ከእሱ በኋላ ዓሊ ታንጎ በካይፋ ሪከርድስ ቀጠለ። ጊዜው አጭር ነበር፤ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው መጣ፣ ካሴቱ ተከተለ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ከታተሙት 45ዎች መካከል ከዚያ በኋላ በካሴትም ሆነ በሌላ መንገድ ዳግመኛ ያልወጡ አሉ። በአንዱ ፊት የታወቀው ዘፈን ይኖራል፤ የተገለበጠው ፊት ላይ ያለውን ግን ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ያለ ሸክላ ጎንደር ውስጥ አንድ አልጋ ሥር ካለ፣ እሱ ተጨናግፎ ጠፋ ማለት ዘፈኑም ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ካጠብኩ በኋላ ሁለቱንም ፊት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፤ የታጠበ ሸክላ በመጀመሪያው ንግግሩ የሚሰጠው ድምፅ ንጹሕ ስለሆነ ያን ጊዜ መቅዳት ይሻላል።

ሻጋታ ያገኘው ሣጥን ካላችሁ ከቤት ውጭ ክፈቱት፣ ማስክም አድርጉ። ነጩ ነጠብጣብ ዘሩን በአየር ይበትናል። ሸክላውን እዚያው ግቢ ውስጥ በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ ወደ ቅልቅሉ ማምጣት ነው። የውስጡን የወረቀት ከረጢት ያለ ርኅራኄ አስወግዱት፤ ንጹሕ ሸክላ የሻገተ ከረጢት ውስጥ ከተመለሰ እስከሚቀጥለው ክረምት አይቆይም።

መርፌውም አይረሳ። ጫፉ ላይ ጸጉር የመሰለ ነገር ተጠምጥሞ ካያችሁ የታጠበውን ሸክላ ያቆሽሸዋል። በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት፣ ሸክላው በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ መጥረግ ነው፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ከተገፋ ይታጠፋል። ሙጫ ከያዘው ብሩሹን አልኮል በትንሹ አስነክቶ ጫፉን ብቻ መንካት፤ አልኮሉ ወደ ላይ ወጥቶ መርፌውን የያዘውን ማጣበቂያ እንዳይፈታው።

የታጠቡት አሁን የተቀመጡት መኝታ ቤት ነው። ረከቦቱ ከሚዘረጋበት ሳሎን አወጣኋቸው፤ ዕጣኑን ማቆም አንችልም፣ ሸክላውን ማራቅ ግን እንችላለን። ሁሉም ቆመው ነው የተደረደሩት፣ ተጋድመው ከተደራረቡ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ያጣምማል። ከረጢታቸው ስስና የሚንኮሻኮሽ ፕላስቲክ ነው። ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ የሚሸተውን ፕላስቲክ አልጠቀምም፤ ከጊዜ በኋላ ከራሱ የሚወጣው ነገር ሸክላው ላይ ጉም የመሰለ ሽፋን ይተዋል። የብል መድኃኒት የሚባለውን ነጭ ኳስም ከሣጥኑ አውጥቻለሁ፣ ትነቱ ለፕላስቲክ አይስማማም። የውጨኛው ጃኬት ቢቀደድ፣ ቢራ ፈሶበት ቢወይብ እንኳ አይጣልም፤ ደረቅ ከሆነና ካልሻገተ ለብቻው ከረጢት ውስጥ አግብቼ ከሸክላው ኋላ አቆመዋለሁ፣ ምክንያቱም የባንዱ ስምና የሸክላው ቁጥር አንዳንዴ የሚነበበው እሱ ላይ ብቻ ነው።